እናቶቹ ድንጋይ የሆኑበት ተረት

ኅዳር 8 ቀን 2017፣ ፍኖተ ሰላም

ትምህርት ቤቱ ዘንድሮም አልተከፈተም። ሥራ የፈታ መምህር ምን ይሠራል? በርበሬ ይቀነጥሳል። ከመሐመድአወል ጋር ስንጋባ እኔ ማስተማሬን፣ እሱ ንግዱን፣ አንዳችን በአንዳችን ሥራ ላንገባ ተባብለን ነበር። ይኸው አሁን ከጧት እስከ ማታ የባሌ መጋዘን ውስጥ ተቀምጬ አስነጥሳለሁ።

ከቡሬ የመጣው ዛላ እስከ ጣሪያው ተከምሯል። የሰፈር ሴቶች ጭራውን እየቀነጠሱ ጆንያ ይሞላሉ። ልጆቻቸውም ትምህርት የለምና ተከትለዋቸው ይመጣሉ። እርስ በርስ ይጣላሉ፤ በበርበሬ እጃቸው ዓይናቸውን አሽተው ያለቅሳሉ። ዝም ለማሰኘት ብዬ አንድ ተረት ጀመርኩላቸው፤ ከድሮ ጀምሮ ልጽፈው ሳስበው የኖርኩትን። ውልም ገባን። አንድ ጆንያ ሲሞላ አንድ ክፍል፤ ጆንያው ካልሞላ ተረቱ አይቀጥልም።

ዛሬ ልጆቹ ከእናቶቻቸው ቀድመው ጨረሱ። መሐመድአወል «ተረትሽ ከቀን ሠራተኛ በለጠ» ብሎ ሳቀ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ። የሚሰማኝ ተማሪ ናፍቆኝ ነበር።

ኅዳር 14

ተረቱ እንዲህ ነው። ከተራራው ላይ ነጭ ጭጋግ ወረደና ትልልቅ ሰዎችን በሙሉ ድንጋይ አደረገ። እናቶች ምድጃ ዳር፣ አባቶች እርሻ ላይ እንደቆሙ ደርቀው ቀሩ። ጭጋጉ ልጅ አይነካም። ስለዚህ ከጭጋጉ ጋር የመጣውን ጦር ከከተማዋ በር ላይ መመለስ የልጆቹ ዕዳ ሆነ።

ሰብሊ የምትባል ትንሽ ልጅ አለች፤ ጥያቄዋ አያልቅም። «ቲቸር፣ እናቶቹን ለምን ድንጋይ አደረጓቸው?» አለችኝ። ጭጋጉ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም አልኳት። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እናት ነቅታ ከቆመች ልጇ ወደ ጦር ይሄዳል? ጆሮውን ይዛ ትመልሰዋለች፤ ተረቱም እዚያው ላይ ያልቃል። እንዲህ ያለ ተረት የሚጽፍ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እናቶቹን ከመንገድ ማንሣት አለበት። የሙያው ሕግ ነው፤ ክፋት የለበትም።

የሰፈሩን ልጆች ራሳቸውን አስገባኋቸው፤ እንደዚያ ሲሆን ነው ልብ ብለው የሚሰሙት። የጎረቤታችን የአቻምየለሽ ልጅ ያረጋል ዐሥራ አራት ዓመቱ ነው። ቁመቱ ተመዝዞ ወጥቷል፣ ነገር አያበዛም። እሱን «መከተ» ብዬ የምሥራቁ በር ላይ ጠባቂ አድርጌ አቆምኩት። የእኔን ልጅ ኢርፋንን «ኑር» አልኩትና ግንቡ አናት ላይ መብራት አስያዝኩት። አስም ስላለበት አይደለም። ታሪኩ መብራት ያዥ ያስፈልገዋል።

ኅዳር 21

ከጧት ጀምሮ ተኩስ። ሱቆች ዝግ። መሐመድአወል ቡሬ ነው። ኔትወርክ የለም። ኢርፋንን አልጋ ሥር አስተኝቼዋለሁ፤ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። ተኩሱ እንደገና ጀመረ

ኅዳር 25

መጣ። አልሐምዱሊላህ። ግማሹን በእግሩ፣ ግማሹን በአይሱዙ ላይ ተጭኖ። በርበሬ አልያዘም፤ ማን በርበሬ አስታወሰ።

እራት ላይ መንገድ ላይ ያየውን ነገረኝ። አንድ ኬላ ላይ ኪሱን የፈተሸው ልጅ ድምፁ እንኳ ገና አልጎረነነም። ክላሹ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው። የማን ልጅ ነህ ቢለው «አታናግረኝ» አለው። የየትኛው ወገን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፤ ደብተር ሰው እጅ ይገባል።

ከዚያ ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠና፣ በኡሑድ ጦርነት ቀን ዐሥራ አራት ዓመት የሆነውን ልጅ ነቢያችን ወደ ቤቱ እንደመለሱት አነሣ። ለዚያ ቀን እንኳ፣ ሰው አንሷቸው እያለ፣ አለኝ። የኬላው ልጅ አንጀቱን በልቶት ነው። የእኔን ተረት ማለቱ አይመስለኝም።

ታኅሣሥ 3

ከኋላችን ካለው ደብር ቅኔ የሚያስተምሩት የኔታ ወልደ ሥላሴ በርበሬ ሊገዙ መጥተው፣ ተረቱ እስኪያልቅ በር ላይ ቆመው አዳመጡ። ልጆቹ ሲበተኑ ጠጋ አሉኝ።

«ልጆቹን ሰልፍ አስገባሻቸው፣ ልጄ?»

«የኔታ፣ ዳዊትስ ብላቴና አልነበረም?» አልኳቸው። በእኛም ዳውድ ነው፤ በእሱ አንጣላም።

«ነበረ እንጂ። ግና አባቱ ለጦር አልላከውም። ለወንድሞቹ ቆሎና ዳቦ አድርስ ብሎ ነው የላከው። ስንቅ አድርሶ ሊመለስ የወጣ ልጅ ሰው ገድሎ ገባ።» በርበሬያቸውን ትከሻቸው ላይ አመቻቹ። «ኋላም ቤተ መቅደስ ልሥራ ቢል፣ እጅህ ደም ነክቷል ተብሎ ቀረ። ይህንን ይህንን ለልጅ የሚነግር የለም።»

አናደዱኝ። ተረት እኮ ነው! ልጆቹ ቀን ከሌሊት የሚሰሙት ተኩስ እውነተኛ ነው፤ እኔ የሰጠኋቸው ቢያንስ የሚያሸንፉበትን ነው። እንዲህ ብዬ ልመልስላቸው ይገባኝ ነበር። ለእኔ መልስ የሚመጣልኝ ሁልጊዜ ሰው ከሄደ በኋላ ነው።

ታኅሣሥ 10

ልጆቹ ግቢው ውስጥ የበሩን ጦርነት ሲጫወቱ ዋሉ። የሸምበቆ ጎራዴ፣ የባሕር ዛፍ ልጥ ቀበቶ። ሰብሊ ድንጋይ የሆነች እናት ሆና ፀሐይ ላይ ተገትራ ዋለች። ዝንብ ስታባርር «ተንቀሳቀስሽ» ብለው ይቆጧታል። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ያረጋል አልተጫወተም። ግድግዳ ተደግፎ ሲያይ ቆየ። ጆንያ ሲያነሣልኝ ጠየቀኝ፤ መከተ በሩ ላይ ሲያድር ምን ይበላል? ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አላሰብኩበትም ነበር። ሌሎቹ ልጆች ተራ ገብተው ያመጡለታል አልኩት። ሲሄድ እናቱን ተሰናብቷት ነው? አለኝ ደግሞ። ድንጋይ ናት እኮ፣ ምን ብሎ ይሰናበታታል? አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ጎበዝ ልጅ ነው። ተምሮ ቢሆን ጸሐፊ ይወጣው ነበር።

ታኅሣሥ 17

ዛሬ የዋናው ጦርነት ክፍል ነበር። እሱን ለመስማት ሁለት ጆንያ ሞሉ፤ የአንዳንዶቹ ጣት ተላልጦ ነበር፣ በቅባት አሸሁላቸው።

በእኔ ተረት ልጅ አይሞትም፤ ይህንን ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። የጭጋጉ ሰዎችም ቢሆኑ ደም የላቸውም፤ ሲወጉ ይተናሉ። መከተ ብቻውን በሩ ላይ ቆሞ ስንቱን አተነነው! ኑር ከግንቡ ላይ መብራቱን አበራለት። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ሰሙኝ። ሰብሊ ብቻ፣ የጭጋጉ ሰዎች እናት የላቸውም? አለች። የላቸውም አልኳት።

አቻምየለሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ ነገር የማታበዛ ሴት ናት፤ ተረቱ ከተጀመረም አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። ዛሬ ከሥራዋ ቀና ሳትል «ሳይደሙ ነው የሚሞቱት?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

«ቀላል ነው እንግዲህ» አለች።

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ደክሟት ይሆናል።

ታኅሣሥ 22

ያረጋል አልመጣም። ለገና ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም፣ አጎቱ ዘንድ ሄዷል አለች እናቱ። ብዙ ጊዜ ያላየሁት ፈገግታ ፊቷ ላይ ነበር፤ እዚያ እህል አለ፣ ደጋው ሰላም ነው፣ ከዚህ ይሻለዋል አለችኝ። እሰየው አልኩ።

ኢርፋን እህል አልቀምስ አለኝ። የበርበሬው አቧራ ይሆናል። የእጅ ባትሪውንም ጥሎታል፤ የት እንደጣለው ቢጠየቅ አይናገርም። አባቱ ከባሕር ዳር ያመጣለትን! ተቆጣሁት። አላለቀሰም።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

አጎትየው ከቋሪት መጣ። እህቱን በበዓል ልጠይቃት ብሎ። ብቻውን።

ያረጋልን የት ጥለኸው መጣህ? አለችው። የቱን ያረጋል? አላት።

ታኅሣሥ 30

ኢርፋን ተናገረ። አባቱ ሲቆጣው አንድ ቃል አልወጣውም። አጠገቡ ስተኛ ጊዜ ሁሉን ዘረገፈው።

ያረጋል የሄደው በቡሬ መንገድ ነው። ወደ ቋሪት ሳይሆን ወደ ታጣቂዎቹ። ለምን ለእናትህ እውነቱን ነግረህ አትሰናበታትም ቢለው «መከተስ መቼ ተሰናበታት?» አለው። ኢርፋንም አብሬህ ልሂድ ብሎት ነበር። የእኔ ልጅ! ሁለት ኮረብታ ሳይወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው! ያረጋል ግን አልተቀበለውም። «አንተ ኑር ነህ። ቦታህ ግንቡ ላይ ነው። ባትሪህን ስጠኝና ቤትህ ተቀመጥ» ብሎ መለሰው።

አልሐምዱሊላህ አልኩ። ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው፤ ጮክ ብዬም ነበር። ቀና ስል አቻምየለሽ በሩ ላይ ቆማለች።

ጥር 2

አቻምየለሽ ዛሬም ሥራ ገባች። ቤትሽ ዕረፊ ብያት ነበር። ሌሎቹ ሴቶች ሊያለቅሱላት ሲጀምሩ «ገና ነው» ብላ ከለከለቻቸው። ዛላውን ታነሣለች፣ ትቀነጥሳለች፣ ትጥላለች። ልጆቹ ተረት አልጠየቁም።

ብቻችንን ስንቀር፣ ድምፅዋን ሳታነሣ ተናገረች።

«የአንቺን ግንብ ላይ አስቀመጥሽው፣ ናጂሃ። የእኔን በር ላይ።»

ለታሪኩ ነው ልላት ስል ጆንያዋን ይዛ ወጥታለች።

እንቅልፍ እንቢ ብሎኛል። ለታሪኩ ነበር። መብራት ያዥ ያስፈልግ ነበር። ያረጋል ረጅም ነው፣ በር ላይ የሚቆመው ረጅም ልጅ ነው። ኢርፋን ደረቱን ያመዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ታዲያ ይህን ያህል ጆንያ ሲሞላ፣ ይህን ያህል ክፍል ስናገር፣ አንድ ቀን እንኳ ለምን አላቀያየርኳቸውም? የሌላ ሰው ልጅ በር ላይ ሲቆም ጀግና ይመስለኛል፤ የራሴን ሳስበው ግን ሹራብ ለብሷል ወይ እላለሁ።

ጥር 5

የኔታ መጡ። ወቀሳ ጠብቄ ነበር፤ አልወቀሱኝም። የመጡት ምክር ይዘው ነው። ወደ ታጣቂዎቹ ሽማግሌ ቢላክ ዛሬ ሽማግሌም ይጠረጠራል፣ ገንዘብ ቢላክ ውርደት ነው፤ እናቶች ድንጋይ ተሸክመው ይሂዱ አሉ። ደንቡን ሁላችንም እናውቀዋለን። ለማኝ ድንጋዩን ትከሻው ላይ አድርጎ ይቆማል፤ የሚያወርድለት የተለመነው ሰው ነው። ካወረደ እሺ ብሏል። ካላወረደ ለማኙም አይቀመጥም።

አቻምየለሽና የሰፈር ሴቶች ሊሄዱ ተነሡ። እኔም ልሄድ ነው ስል መሐመድአወል «አንቺ ምን ቤት ነሽ? መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆኚስ?» አለኝ። የበርበሬው ሸራ በነፋስ እንዳይነሣ የምንጭንበትን ድንጋይ ግቢው ውስጥ ፈልጌ አነሣሁ።

ጥር 8

ተመልሰናል። የት እንደነበር አልጽፍም።

በመንደሩ መግቢያ ላይ ድንጋዮቻችንን ተሸክመን ተሰልፈን ቆምን። ነጠላ ያደገደገችውም፣ እኔ በሂጃቤ ያለሁትም አንድ ሰልፍ ነን። የታጣቂዎቹ አለቃ ወጣ። አወቅኩት፤ ስምንተኛ ክፍል ሳለ አስተምሬዋለሁ፣ ክፍል ውስጥ ተረት ሳነብ የፊቱ ወንበር የእሱ ነበር። ጢም አብቅሏል። «ቲቸር፣ እርስዎም?» አለኝ። አጎንብሶ ሰላም አለን፣ ውኃ አስመጣ፣ ተቀመጡ አለን። አልተቀመጥንም።

ማንም አላስገደደውም፣ በገዛ ፈቃዱ ነው የመጣው አለ። ይህችን ንግግር አውቃታለሁ። ስለ መከተ እኔው ተናግሬያታለሁ፤ ያኔ ልጆቹን ስታኮራቸው አይቻለሁ። ድንጋይ ትከሻዬ ላይ ሆኖ ከሌላ ሰው አፍ ስሰማት ግን ሌላ ሆነችብኝ። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ፈቃድ ምንድን ነው? ኢርፋን በፈቃዱ ጥርሱን እንኳ አይቦርሽም።

ትቶን ገባ። ሲወጣም በእኛ በኩል ላለማለፍ በጓሮ ዞረ። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጣች፣ ወረደችም። አንዷ ሴት ልትወድቅ ስትል ደግፈን አቆምናት። እኔ አንገቴ የእኔ አልመስል አለኝ። አቻምየለሽ አልተንቀሳቀሰችም። ጥላ ሲረዝም በአጠገቧ ያለፈውን ልጅ ጠርታ፣ ለአለቃው የሚሰማ ያህል ብቻ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች።

«እናቱ ቆማለች በሉት።»

ያን ጊዜ መጣ። ድንጋዩን በሁለት እጁ ከትከሻዋ አንሥቶ ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አኖረው። ልጁ እዚህ የለም፣ ወደ ሌላ ቦታ ተልኳል፣ ሲመለስ እልከዋለሁ፣ ቃሌ ነው አላት። ከዚያ የሌሎቹን አወረደ። የእኔን የመጨረሻ አደረገው። ሲያወርድልኝ «እርስዎ እንኳ የልጅ መዝመት አይገርምዎትም ብዬ ነበር» አለኝ፤ በክፋት አይደለም፣ እንደ ተማሪ።

እስከ ቤቴ ድረስ ይህንኑ ሳመነዥክ መጣሁ።

ጥር 12

ጥምቀት አለፈ። ታቦቱ ገባ። ያረጋል የለም። አቻምየለሽ ጧት ጧት የአስፋልቱ ዳር ቆማ ቆይታ ነው ወደ ሥራ የምትመጣ።

ተልኳል ነው ያለን። ለምን ሥራ ተልኳል? ማናችንም አልጠየቅንም።

ጥር 15

ደግሞ ተኩስ። በቡሬ በኩል። ከባድ።

ጥር 19

ያረጋል መጣ። ቀጥኗል፤ ጫማው የእሱ አይደለም። ሴቶቹ እልል ሊሉ ሲሉ አቻምየለሽ እጇን አንሥታ አስቆመቻቸው። ምንም ሳትጠይቀው እግሩን አጠበችለት።

ለኢርፋን ባትሪውን መለሰለት። የባትሪው ድንጋይ አልቋል፣ ይቅርታ አለው። ኢርፋን ተቀበለውና ወደ ጓዳ ሮጠ።

የካቲት 3

ልጆቹ መጨረሻውን ካልነገሩን አሉኝ፤ ከያረጋል መመለስ ወዲህ ዕለት ዕለት ይጨቀጭቁኛል። ተረት በር ላይ ተንጠልጥሎ አይቀርም ይላሉ። አስቤበት እናቶቹን ላነቃቸው ወሰንኩ። ቀድሞውንም ማንቃት ነበረብኝ።

ጆንያው ሲሞላ ጀመርኩ። ያረጋልም ነበረ። ከመጣ ወዲህ ጥግ ይዞ፣ ፊቱን ወደ መጋዘኑ በር አዙሮ ነው የሚቀመጥ፤ ከኋላው ሰው ካለፈ ብድግ ይላል። ጭጋጉ ገፈፈ አልኩ። ከሁሉ በፊት የነቃችው የመከተ እናት ናት፤ ከምድጃዋ ዳር ተነሥታ ወደ ምሥራቁ በር ሮጠች። ሌሎቹም ተከተሏት። ኑርን ከግንቡ አወረድኩት፣ መብራቱንም ለእኔ ዕድሜ ለደረሰች ሴት ሰጠሁት። እናቶቹ በሩ ላይ ቆሙ፤ ልጆቹን ወደ ቤት ላኳቸው። ሰብሊ አጨበጨበች።

«ቲቸር» አለ ያረጋል። መጋዘኑ ውስጥ ድምፁን ከሰማን ቆይተናል። «እናቱ ታውቀዋለች?»

«እንዴት አታውቀውም? ልጇ አይደል?» አልኩ። ቶሎ ነው ያልኩት።

በእጁ የያዘውን ዛላ ሲያገላብጥ ቆየ።

«የጭጋጉ ሰዎች አይተኑም» አለ።

ልጆቹ እኔን ያያሉ፤ እኔ እጄን አያለሁ። መልስ የሚመጣልኝ ሰው ከሄደ በኋላ ነው ብዬ ጽፌ ነበር፤ አሁን መሽቷል፣ ሁሉም ሄዷል፣ አልመጣልኝም።

አቻምየለሽ ተነሣች። ጆንያዋን እየጎተተች ሄዳ በልጇና በበሩ መሐል ተቀመጠች፤ ጉልበቷ ጉልበቱን ነካ። ከእሱ ክምር ላይ ዛላ አንሥታ መቀንጠስ ጀመረች። ትንሽ ቆይቶ እሱም ጀመረ። ከዚያ ሌሎቹ።

ማታ ላይ ሌላ ጆንያ ሞላ። ክፍል ይጨመርልን ያለ ልጅ አልነበረም።